ስለ ከብት ስብና ስለ ደም ስኳር፤ መድኀኒትም በእነዚህ ላይ ስለሚሠራው ሥራ

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፥ ከለጋምቦ ከፍታ እስከ ሳይንት፥ ከቦረናም እስከ ወግዲና ከላላ ባለው አገር፥ የባለ ከብት ሀብት በቁጥርም በጮማም ይለካል። ለገናና ለፋሲካ፥ ለመስቀልና ለዐረፋ የሚቀርበው ሙክትና ሰንጋ በመካነ ሰላም ገበያ ደኅና ዋጋ የሚያወጣው፥ ገዥው ጐኑንና ላቱን ዳስሶ ስብ መያዙን ሲያረጋግጥ ነው። ገበሬው ገብሱን፥ አተላውንና የኑግ ፋጉሎውን ለወራት እያቀረበ የሚደክመው ሣርና እህል በእንስሳው አካል ውስጥ ወደ ሥጋና ወደ ስብ እንዲለወጥ ነው።

ይህ የመለወጥ ሥራ በመድኀኒት ሊፈጥን፥ ሊዘገይ ወይም ፈጽሞ ሊበላሽ ይችላል። በዓለም ላይ ከብትን ቶሎ ለማድለብ የተሠሩ መድኀኒቶች ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱም አንዳንዱ በሐኪም እጅ ሲሆን ከሞት ያድናል፥ በነጋዴ እጅ ሲሆን ግን በቅሎን ይገድላል፥ ሥጋውን የሚበላውንም ሰው ያሳምማል። ስለዚህ ወረዳ የሚያስተዳድር ሹም፥ ከብት የሚያረባ ባለ ይዞታ፥ ገበያም የሚጠብቅ ሰው የነገሩን ሥር ማወቅ ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ታሪክ የሚነገርባቸው ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የሚያመሰኳ እንስሳ ስኳር ከየት ያገኛል?

ሰው እንጀራ በበላ ጊዜ የእህሉ ስታርች በአንጀቱ ውስጥ ተፈጭቶ ስኳር ሆኖ ወደ ደሙ ይገባል። በሬ፥ በግና ፍየል ግን እንዲህ አይደሉም። በትልቁ ጨጓራቸው ውስጥ በዐይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ረቂቃን ሕዋሳት ስላሉ፥ የተበላውን ሣርና እህል አስቀድመው እነርሱ ያብላሉታል። ከመብላላቱም ሦስት ዋና ዋና አሲዶች ይወጣሉ፤ አሴቲክ፥ ፕሮፒዮኒክና ቡቲሪክ ይባላሉ። አሴቲኩ የሆምጣጤ አሲድ ሲሆን ከሣርና ከጭድ በብዛት ይገኛል፤ ስብም በአብዛኛው ከእርሱ ይሠራል። ፕሮፒዮኒኩ ከእህል በብዛት ይገኛል፤ ወደ ጉበት ሄዶ ስኳር ይሆናል። ደኅና የተቀለበ በግ በደሙ ውስጥ ካለው ስኳር ከግማሽ የሚበልጠው ከዚህ አሲድ በጉበት የተሠራ ነው።

ከዚህ የተነሣ በግና ላም በደማቸው የሚይዙት ስኳር ከሰው ያነሰ ነው። በ100 ሚሊ ሊትር ደም ከ45 እስከ 80 ሚሊ ግራም ያህል ይገኛል፤ ጤናማ ሰው ግን ሳይበላ አድሮ ከ70 እስከ 100 ሚሊ ግራም ይይዛል። እንግዲህ የበግ ስኳር በየቀኑ በጉበት ፋብሪካ ተሠርቶ የሚወጣ እንጂ ከመኖው ተቀድቶ የሚገባ አይደለም። ጉበቱ በትል የተበላሸ እንስሳ ደኅና መኖ እየበላ የሚከሳበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ረግረግ ባለበት ሜዳ የሚሰማራ መንጋ በጉበት ትል ይለከፋል፤ ስለዚህ የማድለቢያ መድኀኒት ከመፈለግ አስቀድሞ ጉበቱን ማስመርመር ይሻላል።

አካል ራሱ የሚሠራቸው መድኀኒቶች

በ1889 ዓ.ም. በስትራስቡርግ ከተማ ፎን ሜሪንግና ሚንኮቭስኪ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች የአንድ ውሻ ቆሽት አውጥተው ቢያዩት፥ ውሻው ሽንቱ ስኳር የተመላ ሆነ፤ በስኳር በሽታም ተያዘ። ከዚህም ቆሽት የደምን ስኳር የሚገዛ አንድ ነገር እንደሚያመነጭ ታወቀ። ያንን ነገር ከውሾች ቆሽት ለይተው ያወጡት በ1921 ዓ.ም. በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ባንቲንግና ቤስት ናቸው፤ ስሙም ኢንሱሊን ተባለ። በጥር ወር 1922 ዓ.ም. ከበሬ ቆሽት የተዘጋጀው ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ተሰጥቶ፥ ከተጣራ በኋላ ሕይወቱን አተረፈለት። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በዓለም ያሉ የስኳር ሕመምተኞች የዳኑት ከቄራ በተሰበሰበ የበሬና የዐሣማ ቆሽት ነው። የበሬ ኢንሱሊን ከሰው ኢንሱሊን የሚለየው ከ51 ክፍሎቹ በሦስቱ ብቻ ነውና።

የኢንሱሊን ሥራ እንደ ጎተራ ጠባቂ ሥራ ነው። እንስሳው በበላ ጊዜ ስኳሩን ወደ ጡንቻ ያስገባል፤ ስቡንም በየጎተራው፥ በላቱና በኵላሊቱ ዙሪያ፥ በቆዳውም ሥር ያስከትታል። ስቡ ቀልጦ ወደ ደም እንዳይወጣም በሩን ይዘጋል። በአንጻሩ ጎተራውን የሚከፍቱ ሌሎች አሉ። አንደኛው አድሬናሊን ነው፤ እንስሳ ሲደነግጥ ወይም ሲባረር ይወጣና በጉበትና በጡንቻ የተቀመጠውን ስኳር፥ ቀጥሎም ስቡን ያስወጣል። ሁለተኛው ኮርቲሶል ነው፤ በረኃብና በጭንቀት ጊዜ ይበዛል፥ ጡንቻን እያፈረሰም ስኳር እንዲሠራ ያደርጋል።

ይህ ለገበያ ጉዳይ ከፍ ያለ ትርጕም አለው። ከዓባይ ቈላ ዳገቱን እየተመታ፥ ውሃ ሳይጠጣ ወደ መካነ ሰላም የተነዳ ሰንጋ በመንገድ ላይ የጡንቻውን ስኳር ይጨርሳል። በዚያው ቀን ቢታረድ ሥጋው ይጠቍራል፥ ይደርቃል፥ ቶሎም ይበላሻል፤ ሥጋን የሚጠብቀው አሲድ ከጡንቻ ስኳር ይገኝ ነበርና። ባለቤቱ ወራት የደከመበትን በአንድ ቀን መንገድ ያጣል። ከብቱን ቀስ አድርጎ መንዳት፥ በመንገድ ውሃ ማጠጣትና ከመታረዱ በፊት ማሳረፍ ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ ትርፍ ነው።

ከዕፅዋት የተገኙት

በዓለም ዛሬ የታወቁት የስኳር መድኀኒቶች ብዙዎቹ ከቅጠልና ከልጥ የተነሡ ናቸው፤ ኀይላቸውም አስቀድሞ በእንስሳት ላይ ታይቷል። በ1835 ዓ.ም. ከፖም ዛፍ ልጥ ፍሎሪዚን የሚባል ነገር ተገኘ። ከላይ ስሙ የተነሣው ፎን ሜሪንግ በ1886 ዓ.ም. ለውሾች ቢሰጠው ስኳሩ በሽንት ፈሰሰ፤ መድኀኒቱ ኵላሊት ስኳርን ወደ ደም እንዳይመልስ ያግድ ነበር። ከእርሱ ሥራ ተመርተው የተሠሩ አዳዲስ መድኀኒቶች ዛሬ ለሰው ይሰጣሉ፤ በ2022 ዓ.ም. ደግሞ ከእነርሱ አንዱ የስኳር በሽታ ላለባት ድመት እንዲሰጥ በአሜሪካ ተፈቀደ።

ጋሌጋ የሚባል በአውሮፓ የሚበቅል ቅጠል አለ፤ በግ በብዛት ሲበላው ይሞታል። በውስጡ ካለው መርዝ ጋር ዝምድና ያለው ጓኒዲን የእንስሳትን የደም ስኳር ዝቅ እንደሚያደርግ በ1918 ዓ.ም. ታየ፤ ከዚህ ወገን ሜትፎርሚን የተባለው ተሠርቶ፥ በ1957 ዓ.ም. ስቴርን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ለሰው መድኀኒት መሆኑን ገለጠ። ሜትፎርሚን የጉበትን ስኳር ሥራ ያቀዘቅዛል። በግን የገደለ ቅጠል ለሰው መድኀኒት እንዲገኝ ምክንያት ሆነ፤ በመርዝና በመድኀኒት መካከል ያለው ድንበር ልክ መሆኑንም ይህ ያስረዳል።

በአገራችንም ዐቢሽ አለ። በ1980ዎቹ ዓመታት በፈረንሳይ አገር ዘይቱ የወጣለት የዐቢሽ ፍሬ ለውሾች ከመኖ ጋር ተሰጥቶ የደማቸው ስኳርና ኮሌስትሮል ዝቅ ማለቱ ታይቷል፤ ዘይቱ ለብቻው ግን ይህን አላደረገም። ዐቢሽ ሲዘፈዘፍ የሚያወጣው ልጓማማ ነገር በአንጀት ውስጥ ስኳርን እያዘገየ ስለሚያስገባ ነው። እንደዚሁም በኮንሶና በጋሞ የሚበቅለው ሽፈራው ቅጠሉ ተቀቅሎ ውሃው ለጥንቸሎች ቢሰጥ የደም ስኳራቸውን ዝቅ እንዳደረገ የኢትዮጵያ ሊቃውንት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1997 ዓ.ም. ጽፈዋል።

ነገር ግን በውሻና በጥንቸል የታየው ሁሉ በበግ ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። ዐቢሹን በግ ቢበላው በትልቁ ጨጓራ ያሉት ረቂቃን ሕዋሳት ወደ አንጀት ሳይደርስ ያብላሉታልና። ደግሞም የሚያደልብ ሰው የበጉን ስኳር ዝቅ ማድረግ አይፈልግም። በሰው ዘንድ መድኀኒት የሆነውን ለከብት መስጠት፥ ለከብትም የተዘጋጀውን ሰው መውሰድ፥ ሁለቱም ያለ ሐኪም ምክር የሚደረግ ነገር አይደለም።

መንታ ስላረገዘች በግ

በስብና በስኳር መካከል ያለው ሚዛን ሲሰበር ምን እንደሚሆን ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በእርጉዝ በግ ላይ ነው። በግ የምታረግዘው 150 ቀን ያህል ነው፤ ግልገሉ ከሚያገኘው ክብደት አብዛኛው የሚጨመረው ግን በመጨረሻው 6 ሳምንት ነው። መንታ የያዘች በግ በዚያ ጊዜ ስኳር እጅግ ያስፈልጋታል፤ ሆዷ ግን በግልገሎቹ ስለሚጠብብ ብዙ መብላት አትችልም። በበጋ፥ ሣሩ ሲደርቅና ጭድ ብቻ ሲቀር፥ ስኳሯ ያልቃል። ያን ጊዜ አካሏ ስቡን ማቅለጥ ይጀምራል። የቀለጠው ስብ ሁሉ ወደ ጉበት ይጐርፋል፤ ጉበቱም አቃጥሎ ሊጨርሰው ስላልቻለ ከፊሉ በዚያው ይከማቻል፥ ከፊሉም ኬቶን የሚባል አሲድ ሆኖ ደሙን ይመርዘዋል።

ምልክቱ እንዲህ ነው፤ ከመንጋው ትለያለች፥ መኖ ትተዋለች፥ የታወረች መስላ ግድግዳ ትገፋለች፥ ጥርሷን ታፋጫለች፥ ኋላም ተኝታ መነሣት ያቅታታል። ትንፋሿም ጣፈጥ ያለ ሽታ ሊሸት ይችላል። ካልታከመች በጥቂት ቀን ውስጥ ትሞታለች፤ ግልገሎቿም ከእርሷ ጋር ይጠፋሉ። እጅግ የከሳችም እጅግ የወፈረችም በግ ለዚህ በሽታ ትጋለጣለች።

ባለ በጉ ስኳር አልቆባታል ሲባል ሰምቶ ስኳር በውሃ በጥብጦ በአፏ ቢያጠጣት፥ ወይም ብዙ ገብስ በድንገት ቢያቀርብላት ብዙ አይጠቅማትም። ስኳሩን በጨጓራዋ ያሉት ረቂቃን ሕዋሳት ይበሉታል እንጂ እንዳለ ወደ ደሟ አይደርስም፤ በድንገት የበዛ እህልም ጨጓራዋን በአሲድ ሞልቶ ሌላ በሽታ ያመጣባታል። ሐኪም ግን ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባለውን ጣፋጭ ፈሳሽ በልክ በአፏ ይሰጣታል፤ ይህ በጨጓራ ሳይጠፋ ከፊሉ ወደ ጉበት ደርሶ ስኳር ይሆናልና። እንደ ሁኔታውም ግሉኮስ በደም ሥሯ ይሰጣል፤ ስቡ መቅለጡን እንዲያቆምም ኢንሱሊን ይጨምርበታል። በሽታው ከጸና በኋላ ግን መድኀኒት ብዙ ጊዜ ስለማይደርስ፥ ዋናው ነገር አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው። ከመውለዷ 6 ሳምንት አስቀድሞ ጥቂት በጥቂት እህል፥ ፍሩሽካ ወይም ፋጉሎ ከድርቆሽ ጋር መጨመር፥ በርቀትም ሳትነዳ በቅርብ ማሰማራት ከመድኀኒት ሁሉ ይበልጣል። ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ እንደሚባለው ነው።

ለማድለብ ስለሚሰጡ መድኀኒቶች

ከእነዚህ አንደኛው ሞኔንሲን ነው። ከአፈር ውስጥ ከሚገኝ ረቂቅ ሕዋስ የተገኘ ሲሆን፥ ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በአሜሪካ ከበሬ መኖ ጋር ይሰጣል። በጨጓራ ያሉትን ሕዋሳት መርጦ ስለሚቀንስ ፕሮፒዮኒክ አሲድ ይበዛል፥ በጋዝ መልክ በግሳት የሚባክነው ኀይልም ያንሳል፤ ስለዚህ እንስሳው ከዚያው መኖ የበለጠ ስኳር ያገኛል። የአውሮፓ ኅብረት ግን ለማድለቢያ እንዳይሰጥ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከልክሏል።

ይህ መድኀኒት ለበሬ በልኩ ሲሰጥ ቢጠቅምም ለጋማ ከብት ብርቱ መርዝ ነው። ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ግራም ብቻ ቢደርሰው ፈረስ ሊሞት ይችላል፤ ክብደቱ 300 ኪሎ የሆነ ፈረስ ከ1 ግራም ባነሰ መጠን ይሞታል ማለት ነው። የልቡን ጡንቻ ያጠፋዋል፤ ማርከሻም የለውም። በምዕራብ ወሎ ገደላገደል ሰውና ሸክም የሚጓጓዘው በበቅሎ፥ በፈረስና በአህያ ስለ ሆነ፥ የበሬ የተቀመመ መኖ ከጋማ ከብት ግርግም ጋር እንዳይቀላቀል መጠበቅ ያስፈልጋል። ከሩቅ አገር በጆንያ የመጣ መኖ ሁሉ ጽሑፉ ሳይነበብ ለበቅሎ አይሰጥ።

ሁለተኛው ክሌንቡቴሮል የሚባለው ነው። ሥራው እንደ አድሬናሊን ነው፤ የስቡን ጎተራ ይከፍታል፥ ጡንቻንም ያበዛል። በዚህም እንስሳው ስቡ ጐድሎ ቀይ ሥጋው ይበዛል። በአውሮፓ አንዳንድ አድላቢዎች በስውር ይሰጡት ነበርና መድኀኒቱ በጉበት ተከማችቶ ቀረ። በ1990 ዓ.ም. በእስፓኝ አገር የበሬ ጉበት የበሉ 135 ሰዎች ልባቸው እየመታ፥ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፥ ራሳቸውንም እያመማቸው ታመሙ። መቀቀል ይህን መድኀኒት አያጠፋውም። በ1996 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ይህን ወገን መድኀኒት ለማድለቢያ መስጠትን ከለከለ። ጥሬ ጉበትና ዱለት በሚወደድበት በእኛ አገር ይህ ታሪክ ተለይቶ ሊታሰብ ይገባዋል፤ የእንስሳውን መድኀኒት ከሁሉ አብልጦ የሚይዘው ጉበት፥ በበዓል ቀን አስቀድሞ የሚቀርበው እርሱ ነውና።

ሦስተኛው ዴክሳሜታዞን ነው። ኮርቲሶልን ይመስላል፤ ኀይሉ ግን ከእርሱ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለሐኪም ታላቅ መሣሪያ ነው፤ የላምን የደም ስኳር ከፍ ስለሚያደርግ ኬቶን ለያዛት ላም ይሰጣል። ለማድለብ ሲባል የሚሰጠው ግን ያታልላል። እንስሳው መኖ አብዝቶ ይበላል፥ አካሉም ውሃ ይይዛል፤ ሚዛን ላይ ሲቆም የደለበ ይመስላል። ከውስጥ ግን ጡንቻው ይፈርሳል፥ በሽታን የመከላከል ኀይሉም ይደክማል፤ በመንጋው መካከል ተላላፊ በሽታ ቢገባ አስቀድሞ የሚወድቀው እርሱ ነው። ያረገዘች ላም ወይም በግ በመጨረሻው ወራት ብትወጋው ያለ ጊዜዋ ልትጥል ትችላለች። የገዛው ሰው ውሃ በሥጋ ዋጋ ገዛ፤ የሸጠውም ሰው ስሙን ሸጠ።

የሹማምንትና የባለ ከብቶች ተግባር

በኢትዮጵያ የእንስሳት መድኀኒትና መኖ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 728/2004 ወጥቷል። መድኀኒት ሳይመዘገብ እንዳይሸጥ፥ ፈቃድ የሌለውም እንዳይነግድ የተደነገገው ስለዚህ ነው፤ ቍጥጥሩም ዛሬ በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ተይዟል። ሕግ ግን በመጽሐፍ ብቻ አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው በየገበያው ያለው ሹም ነው።

ስለዚህ በወረዳው የገበያ ቀን፥ ይልቁንም የበዓል ሰሞን፥ ብልቃጥና ዱቄት ዘርግቶ ‹‹በ15 ቀን የሚያደልብ›› እያለ የሚለፍፍ ሰው ሲገኝ፥ ፈቃዱንና የመድኀኒቱን ስም መጠየቅ ይገባል። ጽሑፍ የሌለበት፥ ቀኑ ያለፈበት ወይም ለየትኛው እንስሳ እንደሚሰጥ ያልተገለጠበት መድኀኒት ለእንስሳት ሐኪም ይመርመር። መድኀኒት የተሰጠው እንስሳ እስከ ስንት ቀን እንዳይታረድና ወተቱ እንዳይጠጣ በመድኀኒቱ ላይ የተጻፈው ቀን ይጠበቅ፤ ቄራውን የሚቈጣጠረው ሰውም ይህን ሳይጠይቅ አይለፍ። እርጉዝ በጎች ያሉት ሰው ሲደርሱ ከመንጋው ለይቶ እንዲቀልባቸው ይመከር። በቅሎዎች ብዙ ሆነው በድንገት ላብ እያላባቸው ቢወድቁ፥ በሽታ ነው ብሎ ከመደምደም አስቀድሞ የበሉት ይጣራ፤ ከመኖውም ጥቂት ለምርመራ ይቀመጥ።

በማድለብ ሥራ ጊዜ የሚወስደው ነገር በመድኀኒት አይታጠፍም። በጨጓራ ያሉት ረቂቃን ሕዋሳት አዲስ መኖ እስኪለምዱ 2 ወይም 3 ሳምንት ይፈልጋሉ፤ ከዚያም በኋላ ስቡ የሚከማቸው ቀን በቀን ነው። ጉበቱ ከትል የጸዳ፥ ጥቂት በጥቂት እህል የተጨመረለት፥ ውሃና ጨው ያልጐደለበት፥ በሰላም ወደ ገበያ የተነዳ ሙክት፥ ኢንሱሊኑ በራሱ ቆሽት እየተሠራ ላቱን ይሞላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ተረት ለጓዳ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለጋጣም ይሆናል።